ዝናውን ትቶ ተማሪ ፍለጋ የወጣው ሰው፦ ክዋሜ ቱሬ



ግንቦት 17 የአፍሪካ ቀን ነው። በየዓመቱ እንደምታዩት ባንዲራ ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ቴሌቪዥኖቻችንም ያንን የ1955 ዓ.ም. ጥቁርና ነጭ ፊልም ያሳዩናል። ጃንሆይ በአፍሪካ አዳራሽ፣ ንክሩማ፣ ናስር፣ ሴኩ ቱሬ... ግንቦት 18 ሲነጋ ግን ሁሉም ወደየጉዳዩ። ቀኑ በፊት «የአፍሪካ የነፃነት ቀን» ይባል እንደነበር የሚያስታውስም ብዙ የለም።

ዛሬ የምናወራችሁ ይህችን ቀን እንደ በዓል ሳይሆን እንደ ሥራ ቀን ስለያዛት ሰው ነው። ትሪኒዳድ ተወለደ፣ ኒው ዮርክ አደገ፣ ሚሲሲፒ ታሰረ፣ ኮናክሪ ሞተ። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ የአሜሪካ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች እግር በእግር ይከተሉት ነበር። ያንን ሁሉ ዝና ትቶ ግን የቀረውን ዕድሜውን ጥቂት ተማሪዎች በተቀመጡባቸው ክፍሎች ውስጥ ነው ያሳለፈው። ብዙዎች አበቃለት፣ ተረሳ ብለው ነበር። እኛ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ይመስለናል።

(ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው። «እሱ» እያልን መጻፋችንን እንደ ድፍረት አትቁጠሩብን፤ ወጣት ሆኖ ነው የምናውቀው።)

ስቶክሊ ካርማይክል ይባል ነበር። ጁን 29 ቀን 1941 በትሪኒዳድ ዋና ከተማ በፖርት ኦፍ ስፔን ተወለደ። እናትና አባቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ ኒው ዮርክ ሲሄዱ እሱ ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደጉት አያቱና አክስቶቹ ናቸው። ስደት ወላጅ የወሰደባቸው ልጆች ይሄ ይገባቸዋል። በኛም አገር አያት ያሳደገው ልጅ ስንቱ ነው! ወላጆቹ ጋ የደረሰው በ1952፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ ነበር።

አባቱ አናጺ ነበር። ቀን ቀን በእንጨት ሥራ፣ ሌሊት ደግሞ በታክሲ። አሜሪካ ጠንክሮ ለሠራ ሰው ታልፍለታለች ብሎ ከልቡ ያመነ ሰው ነበር ይባላል። አርባዎቹን ሳያገባድድ ሞተ። ልጁ አባቱን የገደለው ድካም ነው ብሎ እስከ መጨረሻው ያምን ነበር። ኋላ ላይ ይህ ሰው ለምን እንዲህ መረረው ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱን መፈለግ ያለበት ከዚህ ቤት ነው።

ልጁ ጎበዝ ነበር። በፈተና ብቻ የሚገባበት የብሮንክስ የሳይንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ሰፈሩ የነጮች፣ አብዛኛውም የጣልያኖች ሰፈር ነበር፤ የክፍል ጓደኞቹ ደግሞ ቤታቸው በመጽሐፍ የተሞላ፣ በእራት ሰዓት ስለ ማርክስ የሚከራከሩ ልጆች ነበሩ። ከጓደኞቹ አንዱ የአሜሪካ ኮሚዩኒስት ፓርቲ መሪ ልጅ ነበር። ስቶክሊ እዚያ ማንበብና መከራከር ተማረ። ሌላውን ትምህርት የተማረው ደግሞ ሃርለም መንገድ ዳር፣ መሰላል ላይ ቆመው ስለ አፍሪካ ከሚናገሩት ሰዎች ነው። (የሃርለም አደባባዮች በ1935 ጣልያን ሲወረን ለኢትዮጵያ ሰው የተሰበሰበባቸው ናቸው። ያኔ እሱ አልተወለደም፤ የተናጋሪዎቹ ወግ ግን አልጠፋም ነበር።)

ፌብሩዋሪ 1960 ላይ በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ አራት ጥቁር ተማሪዎች ለነጭ ብቻ በተፈቀደ የምሳ ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው አንነሳም አሉ። ነገሩ በሳምንታት ውስጥ በደቡብ ከተሞች ሁሉ ተቀጣጠለ። ስቶክሊ መጀመሪያ ላይ ነገሩን እንደ ታይታ ነበር ያየው። በኋላ በቴሌቪዥን ልጆቹ ስኳርና ካቻፕ ጭንቅላታቸው ላይ እየተደፋባቸው ከወንበራቸው ፍንክች ሲሉ ባያይ ጊዜ ልቡ ተነካ። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን የሚገኘውን የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ ሃዋርድን መረጠና ፍልስፍና ሊያጠና ገባ።

ሃዋርድ ውስጥ ጥቂት ልጆች ያቋቋሙት ቡድን አገኘ። ቡድኑ ደቡብ ውስጥ የሚታገሉ ተማሪዎች ካቋቋሙትና በአጭሩ «ስኒክ» ከሚባለው የተማሪዎች አስተባባሪ ኮሚቴ ጋር የተያያዘ ነበር። በ1961 ክረምት፣ አንደኛ ዓመቱን እንደጨረሰ፣ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ወደ ሚሲሲፒ ሄደ። ፍርድ ቤት በክፍለ አገር አውቶቡስ መናኸሪያዎች ዘር መለየት ሕገወጥ ነው ብሎ ፈርዷል፤ ደቡቡ ግን ፍርዱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እነዚህ ልጆች «እስቲ እንየው» ብለው ጥቁርና ነጭ አብረው ጃክሰን ገቡ። ታሰሩ። ፓርችማን የሚባል፣ እስረኛ በእርሻ ጉልበት የሚቀጣበት አስፈሪ እስር ቤት ተወረወሩ።

ሃያኛ ዓመቱን የደፈነው እዚያ ነው። ልጆቹ ይዘፍናሉ፤ ጠባቂዎች ዝም በሉ ካልሆነ ፍራሻችሁን እንወስዳለን ይላሉ፤ ፍራሹ ይወሰዳል፣ ዘፈኑ ይቀጥላል። ከአርባ ቀን በላይ ታስሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ በየክረምቱ እየተመላለሰ፣ በበጋው እየተማረ፣ በ1964 ተመረቀ። እንዴት አድርጎ እንደተመረቀ እንጃ!

የዚያው የ1964 ክረምት መራራ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ጥቁሮችን መራጭ አድርገው ለመመዝገብ ሚሲሲፒ ገቡ፤ ሦስት ወጣቶች ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተገደሉ። በስንት መሥዋዕትነት ሁሉም ዘር የተካተተበት አንድ የሚሲሲፒ ፓርቲ አቋቁመው ወደ ዴሞክራቶች ጉባኤ፣ አትላንቲክ ሲቲ ወሰዱት። የተሰጣቸው ሁለት ወንበር ነው። አንቀበልም ብለው ተመለሱ። ስቶክሊ ከዚህ የተማረው ነገር ቀላልና ከባድ ነው፦ የሌላ ሰው ቤት ገብተህ ወንበር ከምትለምን የራስህን ቤት ሥራ።

አሁን ወደምንወደው የታሪኩ ክፍል መጣን። ሎውንደስ ካውንቲ፣ አላባማ።

በማርች 1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ የመሩት ታላቅ ሰልፍ ከሰልማ ተነስቶ ወደ ሞንትጎመሪ ሲጓዝ ሎውንደስን አቋርጦ ነበር የሚያልፈው። በዚህ ካውንቲ ከአምስት ነዋሪ አራቱ ጥቁር ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ግን ለመምረጥ የተመዘገበ ጥቁር አንድም ሰው አልነበረም። አንድም! ሰልፉ ባለቀበት ምሽት አንዲት ከዲትሮይት የመጣች ነጭ እናት ሰልፈኞችን በመኪናዋ ስታመላልስ እዚያው ካውንቲ ውስጥ በጥይት ተገደለች።

ሺዎች ሲያልፉ፣ ካሜራው እነሱን ሲከተል፣ ስቶክሊና ጓደኞቹ ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። መንገድ ዳር ቆሞ ሰልፉን የሚያየውን ገበሬ ያናግራሉ። ስሙን፣ ቤቱን፣ ዘመዱን ይጠይቃሉ፣ ይመዘግባሉ። ሰልፉ ሞንትጎመሪ ደርሶ ተበተነ። ካሜራው ሄደ። እነሱ ተመለሱ።

እስቲ ይህንን ልብ በሉልን። የስኒክ ሠራተኛ ደመወዝ በሳምንት 10 ዶላር ነው፤ እሱም ሲገኝ ነው። የሚያድሩት ሰው ቤት፣ የሚበሉት ሰው ያቀረበላቸውን። እሁድ ቤተክርስቲያን ይሄዳሉ፣ በሥራ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሽማግሌ ያዳምጣሉ። የኒው ዮርኩ ተከራካሪ ልጅ እዚህ ዝም ማለትን ተማረ። ጆን ሃሌት የሚባሉ የአካባቢው ሰው አብረው ቆሙ፤ መሪዎቹ የአገሬው ሰዎች ሆኑ፣ ተማሪዎቹ አገልጋይ።

የተመዘገበ ሰው ግን ዋጋ ይከፍላል። የእኩል አራሽ ሆነው በነጭ መሬት ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦች ለምርጫ ስለተመዘገቡ ብቻ ከነልጆቻቸው ተባረሩ፤ መንገድ ዳር ድንኳን ተክለው ከረሙ። በነገራችን ላይ በዚያው በ1965፣ በፌብሩዋሪ ወር፣ የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወጥተዋል። የሎውንደሱ አራሽና የኛ ጢሰኛ አይተዋወቁም። ተማሪዎቹም አይተዋወቁም። የተባረረ ገበሬ ግን የትም አገር ከነልጆቹና ከነዕቃው መንገድ ዳር ነው የሚቀመጠው።

የአላባማ ሕግ ማንበብ ለማይችል መራጭ ሲባል ፓርቲ ሁሉ ምልክት ይኑረው ይላል። የነጮቹ ዴሞክራቶች ምልክት ነጭ አውራ ዶሮ ነበር። የሎውንደስ ሰዎች ጥቁር ግስላ መረጡ። አዎ፣ በኋላ ካሊፎርኒያ ላይ ሁለት ወጣቶች ወስደው ዓለም ሁሉ ያወቀው «ብላክ ፓንተር» ከዚህ የገበሬዎች ፓርቲ የመጣ ነው። በኖቬምበር 1966 ምርጫ ሁሉንም ወንበር ተሸነፉ። በ1970 ግን ያ ጆን ሃሌት የካውንቲው ሸሪፍ ሆነው ተመረጡ። ጥቁርን ሲያስር የኖረው ቢሮ ማለት ነው። ያኔ ስቶክሊ አሜሪካ ውስጥ አልነበረም። ድርጅቱ ያለ እሱ ሠርቷል።

ከሎውንደስ የወጣው በግንቦት 1966 የስኒክ ሊቀመንበር ሆኖ ሲመረጥ ነው። በሚቀጥለው ወር፣ ለብቻው ሚሲሲፒን በእግሩ ሊያቋርጥ የተነሳ ጄምስ ሜሬዲዝ የሚባል ጥቁር በጥይት ሲመታ፣ ኪንግና ስቶክሊን ጨምሮ መሪዎቹ ጉዞውን ተረክበው ቀጠሉ። ጁን 16 ግሪንውድ ከተማ ላይ ስቶክሊ ድንኳን እንዳትተክሉ ተብለው ሲከራከር ታሰረ፣ በዋስ ወጣ፣ ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ መድረክ። ሕዝቡን የጥቁር ኃይል የሚለውን ቃል አስጮኸው። ቃሉን እሱ አልፈጠረውም፤ ጓደኛው ዊሊ ሪክስ ቀድሞ በየመንደሩ እየሞከረው ነበር። ካሜራ ፊት ያወጣው ግን ስቶክሊ ነው፤ በአንድ ሌሊት አሜሪካ ተናወጠች።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ተኩል እንደ ማዕበል ነው፣ በፍጥነት እንለፈው። ቴሌቪዥን፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ዛቻ። ከቻርልስ ሃሚልተን ጋር ስለ ጥቁር ኃይል መጽሐፍ ጻፈ። የራሱ የስኒክ ጓዶች ስሙን አጣመው «ስታርማይክል» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። ቀልዱ ውስጥ ቅሬታ ነበረበት። ሰውየው በረንዳ ላይ ሲያዳምጥ እንዳልነበር፣ አሁን ሳያዳምጥ የሚናገር ሆኗል ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው ብለን እናስባለን። እሱም ሳይታወቀው አልቀረም፤ በ1967 ሊቀመንበርነቱን ለሌላ አስረከበ።

በ1967 ለንደን፣ ኩባ፣ ቬትናም፣ አልጄሪያ፣ ታንዛኒያ ዞረ። ሕይወቱን የቀየረችው ግን ጊኒ ናት። ኮናክሪ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች አገኘ። አንዱ የጊኒው ፕሬዚዳንት ሴኩ ቱሬ፤ በ1958 ለፈረንሳዩ ደጎል እምቢ ብለው አገራቸውን ብቻዋን ነፃ ያወጡ። ሌላው ክዋሜ ንክሩማ። ንክሩማ በፌብሩዋሪ 1966 ወደ ሃኖይ ጉዞ ላይ ሳሉ ጋና ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገባቸው፤ ሴኩ ቱሬ ተቀብለው የጊኒ ተባባሪ ፕሬዚዳንት አሏቸው። ያ ሁሉ አፍሪካ የተንቀጠቀጠላቸው ሰው አሁን ባሕር ዳር ባለ ቤት ውስጥ ይጽፋሉ፣ ይጠብቃሉ። ስቶክሊ በሳቸው ሥር መማር እፈልጋለሁ አለ። ሲመለስ የአሜሪካ መንግሥት ፓስፖርቱን ነጠቀው።

1968 ላይ ኤፍቢአይ በምስጢር ማስታወሻው ጥቁሮችን ሊያሰባስብ የሚችል መሲሕ እንዳይነሳ ሲል ከጠቀሳቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ኤፕሪል 4 ኪንግ ተገደሉ። በክረምቱ ደግሞ ኤፍቢአይ ለእናቱ ስልክ አስደውሎ፣ ፓንተሮቹ ልጅሽን ሊገድሉት ነው አስባላቸው። በጓዶቹ መሃል የሲአይኤ ሰላይ ነው የሚል ወሬም እንዲነዛ ተደረገ። ይህ ሁሉ ሐሜት አይደለም፤ በኋላ በአሜሪካ ሴኔት ምርመራ የወጣ ነው። በዚያው ዓመት ስኒክ አባረረው፤ የፓንተሮች የክብር ጠቅላይ ሚኒስትር ተብሎ ነበር፣ ከእነሱም በ1969 ተለያየ።

ፍቅርም በዚሁ መሃል መጣ። ሚሪያም ማኬባን አገባ። ማኬባን የማያውቅ የለም፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት እዚሁ አዲስ አበባ መጥታ የዘፈነችው ደቡብ አፍሪካዊት ናት። አሜሪካ ውስጥ ሥራዋ በደንብ ይሄድ ነበር። እሱን ባገባች ማግስት ኮንሰርቶቿ ተሰረዙ፣ የሸክላ ውሎቿ ፈረሱ። ባሏን በመምረጧ የከፈለችው ዋጋ ነው፤ ስለ እሱ ሲወራ ስለ እሷ ብዙ አይወራም። ተያይዘው ኮናክሪ ገቡ። ትዳሩ ዕድሜ አልነበረውም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተለያዩ። እሷም እሱም ግን ጊኒን አልተዉም፤ ማኬባ ጊኒን ወክላ በተባበሩት መንግሥታት ፊት ተናግራለች።

ኮናክሪ ውስጥ በንክሩማ እግር ሥር ተቀመጠ። ሽማግሌው ያነበቡትን ያስነብቡታል፣ ያከራክሩታል። ንክሩማ በዚያ ሰሞን በጻፉት መጽሐፍ ላይ አንድ ሐሳብ ነበራቸው፦ በሃምሳ ድንበር የተከፋፈለችውን አፍሪካ መሪዎች በስብሰባ አያዋህዷትም፤ አፍሪካውያን በየትም አገር ይኑሩ የሚታቀፉበት አንድ የመላው አፍሪካ ሕዝቦች አብዮታዊ ፓርቲ ያስፈልጋል። አስቡት፣ የአዲስ አበባው ስብሰባ ዋና ሰው ናቸው እንዲህ የሚሉት! በ1963 እዚህ መጥተው አሁኑኑ አንድ መንግሥት እንሁን ሲሉ አብዛኞቹ መሪዎች ረጋ በል ብለዋቸው ነበር።

ንክሩማ ኤፕሪል 27 ቀን 1972 ቡካሬስት ውስጥ በካንሰር ሞቱ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሜይ 27፣ ዋሽንግተን ላይ የአፍሪካ የነፃነት ቀን ሲከበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። ያንን ሰልፍ በዋናነት ያስተባበረው ኦዉሱ ሳዳውካይ የሚባል ወጣት ነው። ሞዛምቢክ ጫካ ገብቶ ከፍሬሊሞ ተዋጊዎች ጋር ከርሞ ነበር፤ ለኛ የሚበጀን አገርህ ተመልሰህ ድምፃችንን ብታሰማ ነው ብለው ላኩት። ሰልፉ ትልቅ ነበር። ስቶክሊ የጠየቀው ጥያቄ ግን የሎውንደሱን ነው፦ ሰልፉ ሲያልፍ ማን ይመለሳል?

ከዚህ በኋላ ያለው ሃያ አምስት ዓመት ለጋዜጣ አይመችም። ንክሩማ ያሰቡትን ፓርቲ ተማሪ በተማሪ መገንባት ያዘ። በየዓመቱ ከኮናክሪ ተነስቶ አሜሪካን፣ ካሪቢያንን፣ እንግሊዝን ዩኒቨርሲቲ በዩኒቨርሲቲ ይዞራል። አዳራሽ ሞልቶ ከተናገረ በኋላ ዋናው ሥራ ይጀመራል፤ ከሕዝቡ ውስጥ ጥቂት ልጆች ቀርተው የጥናት ቡድን ይመሠርታሉ። መጽሐፍ ይከፋፈላሉ፣ በተወሰነ ቀን ተገናኝተው ምዕራፍ በምዕራፍ ይከራከራሉ፣ ያነበቡትን ወደ ሥራ ይለውጣሉ። ሳያነቡ አባልነት የለም። በየዓመቱ ሜይ 25 ሲደርስ ደግሞ ቀኑን የሚያዘጋጁት እነዚሁ ልጆች ናቸው። በራሪ ወረቀት ያትማሉ፣ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ይደራደራሉ፣ ተናጋሪ ይጋብዛሉ፣ ገንዘብ ይቆጥራሉ። ለእሱ በዓሉ የመደራጀት ፈተና ነበር። በቀኑ ስንት ሰው መጣ ብቻ ሳይሆን በሳምንቱ ስንቱ የጥናት ክፍል ገባ ነው ቆጠራው።

በየንግግሩ የሚደጋግማት አንዲት ትምህርት ነበረችው። ሕዝብን ማነቃነቅና ማደራጀት አንድ አይደሉም። የተናደደ ሰው ለመነቃነቅ አፍታ አይፈጅበትም፤ ጉዳዩ ሲያልፍ ግን እሱም ቤቱ ይገባል። መደራጀት ንዴቱ ከበረደ በኋላም የሚቀጥል ነገር ነው። ማነቃነቅን በራሱ አይንቅም ነበር፤ አንዱ ወደ ሌላው ማሸጋገር አለበት ባይ ነው። እኛ አንድ ሳምንት ሃሽታግ ይዘን ጮኸን በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሃሽታግ የምንይዝ ትውልድ ስለሆንን ይህቺ ነገር ወጋ አድርጋናለች።

በ1978 ስሙን ለወጠ። ከንክሩማ ክዋሜን፣ ከሴኩ ቱሬ ቱሬን ወስዶ ክዋሜ ቱሬ ሆነ። ስልክ ሲያነሳ ሃሎ አይልም ነበር፤ ለአብዮት ዝግጁ መሆኑን ነው የሚናገረው። ጊዜው ግን ከእጁ ወጥቷል። የድሮ ጓዶቹ የምክር ቤት አባል፣ ከንቲባ፣ ፕሮፌሰር ሆኑ። ተማሪው ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። ፓርቲው የብዙኃን ፓርቲ ሆኖ አያውቅም። ንግግሩን ሊሰሙ የመጡ ብዙ ልጆች ከ1960ዎቹ የተረፈ ቅርስ ሊያዩ እንደመጡ ነበር የሚያዩት። እሱ ቀጠለ።

ከዚህ በላይ ስናሞግሰው አንድ ስም ትዝ ይለናል፤ ዲያሎ ቴሊ። ጊኒያዊ ናቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ፤ ከ1964 እስከ 1972 እዚሁ አዲስ አበባ ኖረው አገልግለዋል። ሥራቸውን ጨርሰው አገራቸው ሲገቡ ሴኩ ቱሬ ሚኒስትር አደረጓቸው፤ በ1976 ደግሞ በሤራ ከሰው ኮናክሪ ውስጥ ቡዋሮ የሚባል የእስር ካምፕ አስገቧቸው። በ1977 ምግብና ውሃ ተከልክለው ሞቱ። በዚያ ካምፕ ያለቁት እሳቸው ብቻ አልነበሩም።

ክዋሜ ቱሬ በዚያች ከተማ ነው የሚኖረው። ከዲያሎ ቴሊ ሞት በኋላ ነው የሴኩ ቱሬን ስም የራሱ ያደረገው። እስከ ዕለተ ሞቱም ሴኩ ቱሬን ከመከላከል አልተመለሰም። ኢምፔሪያሊዝም ከቦን፣ ፖርቱጋሎች በ1970 ኮናክሪን በባሕር ወረውን ይል ነበር፤ ወረራው እውነት ነው። ግን የአላባማ ሸሪፍ ጥቁር ስላሰረ ነፍሱን የሰጠ ሰው፣ ጥቁር መሪ ጥቁርን በረሃብ ሲገድል እንዴት ዝም ይላል? ለባለውለታ ታማኝ መሆን ጥሩ ነው፣ እዚህ ላይ ግን ታማኝነቱ ዓይኑን ጋርዶታል። አንዳንድ አድናቂዎቹ ይህንን ገጽ ዘለው ነው የሚያልፉት። እኛ መዝለል አልሆነልንም፤ በተለይ ቴሊ የከተማችን ሰው ሆነው ስለኖሩ።

ሴኩ ቱሬ በማርች 1984 ሞቱ፤ ቀብራቸው ሳይርቅ ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። በ1986 አዲሱ መንግሥት ክዋሜ ቱሬን አስሮ ለቀቀው። አሜሪካ መግባት ይችል ነበር፣ አልገባም። አንዲት ጊኒያዊት ሐኪም አግብቶ ልጅ ወልዶ ነበር፤ ኮናክሪ ቤቱ ሆናለች።

በ1996 የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። በኒው ዮርክና በኩባ ታከመ። ለዓመታት እንዳይገባ አግዳው የነበረችው የትውልድ አገሩ ትሪኒዳድ ለሕክምናው የወር ድጎማ ቆረጠችለት። ኤፍቢአይ ነው ካንሰሩን ያስያዘኝ ይል ነበር፤ ማስረጃ አላቀረበም፤ ስልክ እያስደወለ እናቱን ያስፈራራ ተቋም ሲሆን ግን ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ይገባናል። የድሮ ጓዶቹ፣ አብረውት የተጣሉት ሳይቀሩ፣ ለሕክምናው ገንዘብ አሰባሰቡ። ሰውነቱ አልቆ፣ ቆሞ መናገር እያቃተው፣ ተማሪ በጠራው ቦታ ይሄድ ነበር። መጨረሻው ሲቃረብ አፍሪካ ልሙት ብሎ ወደ ኮናክሪ ተመለሰ። ኖቬምበር 15 ቀን 1998 በሃምሳ ሰባት ዓመቱ አረፈ፤ እዚያው ተቀበረ።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የሃዋርድ ጓደኛው፣ ጃማይካዊው ደራሲ ማይክል ቴልዌል፣ ከአልጋው አጠገብ ቴፕ እያስቀመጠ ሕይወቱን አስተርኮታል። ስቶክሊ መጽሐፉን ሳያየው ሞተ፤ ቴልዌል ካሴቱን ገልብጦ፣ የጎደለውን ከጓዶች ጠይቆ፣ በ2003 አሳተመው። ርዕሱን የሰጠው ስቶክሊ ስልክ ሲያነሳ ይናገራት በነበረችው ቃል ነው።